ስምም ሀብት ነው



በዲምቱ ሱቅ ሊከፍት ያሰበውም፣ ዜማ የሚደርሰውም ወጣት፣ «ስሜን ወይም ሥራዬን ሌላ ቢወስድብኝ ምን ይበጃል?» ይላል። በችሎታችን መጠን እንመልሳለን።

መጽሐፍ ወይም ዜማ የደረሰ ሰው በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የቅጂ መብት አለው። ሥራው ከተጻፈ ወይም ከተቀረጸ፣ ባይመዘገብም መብቱ ይጸናል፤ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ለወራሾቹ ይቆያል። ሐሳብ ብቻውን ግን አይጠበቅም።

የንግድ ምልክት፣ ማለት በዕቃ ላይ የሚለጠፈው ስም ወይም ሥዕል፣ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት መመዝገብ አለበት፤ ምዝገባውም በየ7 ዓመቱ ይታደሳል።

የድርጅት ስም ደግሞ ሌላ ነው። በንግድ መዝገብ መግባቱ ነጋዴውን ያሳውቃል እንጂ ለዕቃው ምልክት ዋስትና አይሆንም። ብዙዎች የሚሳሳቱት በዚህ ነው።

ለምሳሌ ቡናን እንውሰድ። በአባቶቻችን ዘመን ወላይታ በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ አውራጃ ነበረች። መንግሥታችን በ1997 ዓ.ም. ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋ ጨፌ የተባሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ ለማስመዝገብ ሲያመለክት፣ ስታርባክስ የተባለው ኩባንያ «ሲዳሞ» የሚል ቃል ያለበትን ምልክት ለማስመዝገብ ቀድሞ አመልክቶ ተገኘ። ከብዙ ክርክር በኋላ ኩባንያው ማመልከቻውን ተወ፤ በ1999 ዓ.ም. ከመንግሥታችን ጋር ስምምነት ተፈራረመ።

እንግዲህ ገበሬው በላቡ ያስከበረው ስም እንኳ በጊዜው ካልተመዘገበ ክርክር ይነሣበታል። ስለዚህ የሌላውን ስም አንውሰድ፤ የራሳችንንም ሳይረፍድ እናስመዝግብ።