ከመፈረም በፊት ማስላት

እህቶቼ፣ የሒሳብ ቅደም ተከተል ገንዘባችንን ይጠብቃል። መጀመሪያ ቅንፍ፣ ቀጥሎ ርቢ፣ ከዚያ ማባዛትና ማካፈል፣ በመጨረሻ መደመርና መቀነስ ነው።

መመዝገቢያው 100 ብር፣ ወርሃዊው 50 ብር ቢሆን በዓመት ስንት እናወጣለን? 100 + 50 × 12 = 700 ብር። ተራ ካልኩሌተር ላይ ቁልፎቹን በተርታ ብንነካ ግን 1,800 ይለናል፤ መደመሩን አስቀድሞ ነው።

ርቢ ማለት ቁጥርን በራሱ ደጋግሞ ማባዛት ነው። አራጣ አበዳሪ 1,000 ብር በወር 10 በመቶ ቢሰጠንና ያልከፈልነው ወለድ በየወሩ ዋናው ላይ ቢደመር፣ ዕዳው በ12ኛው ወር 2,200 ብር አይደለም። 1,000 × 1.1¹² ነው፤ ርቢውን አስቀድመን ስናባዛ 3,138 ብር ይደርሳል።

ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ፦ “ወለዱ የሚታሰበው በዋናው ብር ላይ ብቻ ነው ወይስ በወለዱም ላይ?”