ሞተሩ ከመተንፈሱ በፊት



እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 25 ቀን 1966 ኤስ አር-71 የተባለው የአሜሪካ የስለላ አውሮፕላን በኒው ሜክሲኮ ሰማይ ላይ በድምፅ ፍጥነት 3.18 እጥፍ እየበረረ ነበር። ከፍታው 24 ሺህ ሜትር ገደማ ነው። የሎክሂድ የሙከራ አብራሪ ቢል ዊቨር ከፊት፣ ባልደረባው ጂም ዝዌየር ከኋላ ተቀምጠዋል። አውሮፕላኑ ወደ ቀኝ በመታጠፍ ላይ ሳለ በቀኝ በኩል ያለው ኃይል በድንገት ጠፋ። አብራሪው መሪውን ቢታገልም አልታዘዘለትም፤ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ አውሮፕላኑ በሁለቱ ሰዎች ዙሪያ ተበታተነ። ዊቨር የመውጫ ወንበሩን ሳያስፈነጥር ራሱን አየር ላይ አገኘው። የለበሰው የግፊት ልብስና ፓራሹቱ ሕይወቱን አተረፉለት። ዝዌየር ግን አልተረፈም።

ያን ቀን ሞተሩ አልተቃጠለም፤ ነዳጅም አላለቀም። የከዳው ከሞተሩ ፊት ያለው የአየር ማስገቢያ ነው።

ጄት ሞተር ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚያስበው እሳቱን፣ ተርባይኑንና የሚሽከረከረውን ፋን ነው። አየር ማስገቢያው ላየው ሰው ባዶ ቱቦ ይመስላል። ነገር ግን ጄት ሞተር አየርን እንደመጣ አይቀበልም። ኮምፕረሰሩ ላይ የተደረደሩት ብሌዶች በከፍተኛ ፍጥነት ስለሚሽከረከሩ፣ ወደ እነሱ የሚደርሰው አየር ከድምፅ ፍጥነት ግማሽ እምብዛም ሳይርቅ፣ ከዳር እስከ ዳርም ሳይታወክ መድረስ አለበት። ከዚህ አብዝቶ ከፈጠነ ጉልበቱ በብሌዶቹ መካከል ይባክናል። በአንድ ወገን በርትቶ በሌላው ከደከመ ደግሞ ብሌዶቹ አየሩን መያዝ ያቅታቸዋል፤ የታመቀው አየር እንደ መድፍ እየጮኸ ወደ ፊት ተመልሶ ይወጣል። አውሮፕላኑ የቱንም ያህል ቢፈጥን፣ የአየር ማስገቢያው የመጀመሪያ ሥራ አየሩን ማርገብ ነው።

ቦይንግ 787 በድምፅ ፍጥነት 0.85 እጥፍ ይጓዛል። በዚያ ፍጥነት የሚመጣውን አየር ፋኑ ፊት እስኪደርስ ድረስ ለማርገብ ያለው ርቀት ከአንድ ሰው ቁመት እምብዛም አይበልጥም። ዘዴው ቱቦውን ወደ ውስጥ ቀስ እያሉ ማስፋት ነው፤ ከጠባብ ገደል የወጣ ወንዝ ሜዳ ሲያገኝ እንደሚረጋው አየሩም ይረጋል። የቀነሰው ፍጥነትም ወደ ግፊት ይለወጣል፤ ማለትም ኮምፕረሰሩ ገና አንድ ዙር ሳይሠራ መጨመቁ ተጀምሯል።

የማስገቢያው ከንፈር፣ ማለትም የፊት ጠርዙ፣ ግን ከቱቦው የበለጠ ያስቸግራል። አውሮፕላኑ ማኮብኮቢያው ጫፍ ላይ ቆሞ ሞተሩ በሙሉ ኃይል ሲሠራ፣ አፉ አየር የሚስበው ከፊት ብቻ አይደለም፤ ከጎን፣ ከከንፈሩ ጀርባ ሳይቀር ይስባል። ያ አየር ከንፈሩን ዞሮ መግባት ስላለበት ጠርዙ ወፍራምና ክብ ካልሆነ ከግድግዳው ተላቅቆ ይታወካል። ሰማይ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። አየሩ ራሱ እየተገፋ ይመጣል፣ ከሞተሩ ፍላጎትም ይተርፋል፤ ትርፉ በውጭ በኩል ሲፈስ ወፍራሙ ከንፈር እንቅፋት ይሆንበታል። የመንገደኞች አውሮፕላን ከንፈር ቅርጽ የእነዚህ ሁለት ሁኔታዎች ሽምግልና ውጤት ነው። ብር መስሎ የሚያብለጨልጨውም ለጌጥ አይደለም፤ በረዶ እንዳይጋገርበት ከኮምፕረሰሩ የተቀዳ ትኩስ አየር በውስጡ ስለሚዞር አብዛኛውን ጊዜ ቀለም አይቀባም።

ቦሌ ላይ ሌላ ነገር ይጨመራል። አውሮፕላን ማረፊያው ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ በመሆኑ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። አፉ ያው ነው፤ የሚጎርሰው ግን ያንሳል።

ቅርጹ በመሬትም ይወሰናል። ቦይንግ 737 እ.ኤ.አ. በ1967 ሲበር ሞተሮቹ ቀጭን ነበሩና አውሮፕላኑ ዝቅ ብሎ ተሠራ። እ.ኤ.አ. በ1984 የበረረው 737-300 ሰፋ ያለ ሞተር ሲገጠምለት ከመሬት ጋር ሊነካካ ሆነ። መሐንዲሶቹ ከሞተሩ ሥር የነበሩትን መሣሪያዎች ወደ ጎን አዛወሩ፤ የማስገቢያውንም የታች ጠርዝ ደፈጠጡት። ዛሬም ድረስ የዚያ ሞዴል አፍ ፍጹም ክብ አይደለም። 737 ማክስ ላይ ደግሞ ይበልጥ የሰፋው ሞተር ወደ ፊትና ወደ ላይ ተገፋ። አፍንጫው ከልክ በላይ ቀና ሲል ያ ትልቅ የሞተር ሽፋን ራሱ እንደ ክንፍ ማንሳት ይጀምራል፣ አፍንጫውንም ይብሱን ቀና ያደርገዋል። ያንን ለመግታት ኤምካስ የተባለ ሶፍትዌር ተጨመረ፤ ሶፍትዌሩም የአንድን ሴንሰር ቃል ብቻ እንዲያምን ተደረገ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ 737 ማክስ፣ በረራ 302፣ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች ያለቁት፣ ያ ሴንሰር ሐሰተኛ መረጃ በሰጠበት ጠዋት ነው። ጥፋቱ የማስገቢያው አይደለም። ሆኖም የአፉ ስፋትና ቦታ የአውሮፕላኑን ጠባይ እስከምን ድረስ እንደሚለውጥ ከዚህ የመረረ ምስክር የለም።

ከድምፅ ፍጥነት በላይ ሕጉ ራሱ ይገለበጣል። ከድምፅ የዘገየ አየር ሲሰፋለት ይረጋል፤ ከድምፅ የፈጠነው ግን ሲሰፋለት ይብሱን ይፈጥናል፣ የሚረጋው ሲጠብበት ነው። ከፊቱ መሰናክል እንዳለ የሚነግረውም የለም። ወሬው የሚጓዘው በድምፅ ፍጥነት ስለሆነ አይቀድመውም። በዚህ የተነሳ አየሩ ሳይዘጋጅ ሾክ ዌቭ ከሚባል፣ ከወረቀት ከሳሳ የግፊት ግድግዳ ጋር ይላተማል፤ ፍጥነቱ፣ ግፊቱና ሙቀቱ በቅጽበት ይለወጣሉ። አየሩ በአንድ ቀጥ ያለ ግድግዳ ብቻ ካለፈ፣ በድምፅ ፍጥነት ሁለት እጥፍ ላይ ከጠቅላላ ግፊቱ 28 በመቶው ይባክናል። በሦስት እጥፍ ላይ የሚባክነው ከሦስት እጅ ሁለቱ ነው።

መፍትሔው አንዱን ከባድ ግጭት በብዙ ቀላል ግጭቶች መተካት ነው። የኢትዮጵያ አየር ኃይል በደርግ ዘመን ያበርራቸው የነበሩትን ሚግ-21ዎች የሚያስታውስ ሰው፣ አፍንጫቸው ላይ ካለው ክብ አፍ ውስጥ ብቅ ያለችውን ሾጣጣ አይረሳትም። አየሩ መጀመሪያ የሾጣጣዋ ጫፍ ላይ በሚፈጠር ዘንበል ያለ ግድግዳ ያልፍና ጥቂት ይረጋል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠብቀው ቀጥ ያለ ግድግዳ ያን ያህል አይጎዳውም። ፍጥነቱ ሲጨምር ግድግዳው ስለሚያዘነብል ሾጣጣዋም ወደ ፊት ትገፋለች። የኤፍ-16 መሐንዲሶች በተቃራኒው ይህን ሁሉ ትተው የማይንቀሳቀስ ቀላል አፍ መረጡ፤ የአየር ውጊያ የሚበዛው በድምፅ ፍጥነት ዙሪያ ነው ብለው አስልተዋልና። ብልህ ምርጫ ነበር።

ኮንኮርድ ግን እንዲህ ያለ ቅናሽ አልነበረውም፤ በድምፅ ፍጥነት ሁለት እጥፍ ለሰዓታት መጓዝ ነበረበት። ከክንፉ ሥር ባሉት አራት ማዕዘን አፎች ጣሪያ ላይ በኮምፒውተር የሚንቀሳቀሱ ሰሌዳዎች ነበሩ። አየሩ ጥቂት ሜትር ብቻ ተጉዞ ወደ ድምፅ ፍጥነት ግማሽ ይወርዳል፤ ኮምፕረሰሩ ዘንድ ሲደርስም ግፊቱ ሰባት እጥፍ ያህል አድጓል። ተሳፋሪው ሻምፓኙን ሲጠጣ ብርጭቆው አለመንቀጥቀጡ የእነዚያ ሰሌዳዎች ችሎታ ነበር።

ወደ ዊቨር አውሮፕላን እንመለስ። የኤስ አር-71 ሾጣጣ ከሚግ-21ዋ በተቃራኒ ፍጥነት ሲጨምር እስከ 66 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ትሳብ ነበር። ዓላማው የመጨረሻውን ሾክ ዌቭ ከቱቦው ጠባብ አንገት ትንሽ አለፍ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። እዚያ ሲቀመጥ ትርፉ ታላቅ ነው፤ በከፍተኛው ፍጥነት አውሮፕላኑን ከሚገፋው ኃይል ከግማሽ በላይ የሚሆነው በማስገቢያው ውስጣዊ ግድግዳዎች ላይ የሚያርፍ ግፊት እንደነበር ሠሪዎቹ አስልተዋል። እርግጥ ሞተሩ አየሩን ባይጎትት ያ ግፊት አይኖርም። ነገር ግን ሾክ ዌቩ ጠርዝ ላይ እንደቆመ እንስራ ነው። ከኋላው ያለው ግፊት ጥቂት ከፍ ካለ ከአፉ ውጭ ተተፍቶ ይወጣል፤ ሞተሩ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ አውሮፕላኑም ወደዚያ ጎን በኃይል ይጎተታል። አብራሪዎቹ ይህን «አንስታርት» ይሉታል፤ ጭንቅላታቸው ከመስታወቱ ጋር የተጋጨ ብዙዎች ናቸው። ዊቨር በበረረ ቀን የቀኙ ማስገቢያ አውቶማቲክ መቆጣጠሪያ ተበላሽቶ በእጅ ይሠራ ነበር። በኋላ የተገኘው መላ የሚገርም ነው፦ አንዱ ወገን ሲተፋ መቆጣጠሪያው ሌላውንም ሆን ብሎ ያስተፋዋል፣ አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ ይቆያል፣ ከዚያ ሁለቱንም አንድ ላይ ይመልሳቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዲጂታል መቆጣጠሪያ ሲገባ ችግሩ እጅግ ቀነሰ።

አፍ ያለው ነገር ሁሉ ያልተፈለገውንም ይጎርሳል። ሚግ-29 ለዚህ በር አለው፤ መሬት ላይ ሲሮጥ ዋናው አፍ ይዘጋና ሞተሩ በክንፉ መነሻ ላይኛው ገጽ ላይ ባሉ ክፍተቶች ይተነፍሳል። የእኛ አየር ኃይል የታጠቀው ሱ-27 ደግሞ ሲነሳና ሲያርፍ ማስገቢያው ውስጥ የብረት ወንፊት ይዘረጋል። የመንገደኞች አውሮፕላን ሁለቱም የሉትም። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ አስመራ ሊበር የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 የእርግብ መንጋ በሁለቱም ሞተሮቹ ገባበት። አብራሪዎቹ ወደ ማረፊያው ለመመለስ ቢታገሉም ሞተሮቹ ጠፉ፤ አውሮፕላኑ በሆዱ አርፎ በእሳት ተያያዘ፤ 35 ሰዎች ሞቱ። ወንፊት ለምን አይደረግም የሚል ጥያቄ ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ ይነሳል። ወፍ ለማስቆም የሚበቃ ወንፊት በረዶ ይጋገርበታል፣ የአየሩን ፍሰት ያውካል፣ ከተሰበረም ስባሪው ከወፉ የከፋ ጉዳት ያደርሳል።

ስለዚህ ጥበቃው በሰው እጅና ዓይን ላይ ወድቋል። የአንዳንድ ቦይንግ 777 ሞዴሎች ፋን 3.25 ሜትር ስፋት አለውና የጥገና ሠራተኛ አፉ ውስጥ ገብቶ ቀጥ ብሎ መቆም ይችላል። በባትሪ ብርሃን ግድግዳውን ያያል፤ ፋኑን በእጁ እያዞረ የ22ቱን ብሌዶች ጠርዝ አንድ በአንድ በጣቱ ይዳብሳል።