አርማታ እንዴት ይፈተናል?



የአንድ አሮጌ ፎቅ ፕላን ቢጠፋና ወለሉን ለቤተ መጻሕፍት ብንፈልገው፣ ያን ሁሉ መጽሐፍ መቻሉን ማንን እንጠይቃለን? በእግር ረግጦ «ጽኑ ነው» ማለት ለእኛ ምስክርነት አይመስለንም፤ ብረቱ በአርማታው ውስጥ ተሰውሯልና።

መሐንዲሶች ወለሉን ራሱን ይጠይቁታል። የአሸዋ ከረጢት ይደረድሩበታል፤ ወይም ዙሪያውን ገድበው ውሃ ይሞሉበታል። የውሃው ሒሳብ ቀላል ነው፤ 20 ሳንቲሜትር ጥልቀት በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ይጭናል። ድንገት ቢሰበር ሰው እንዳይጎዳ ከሥሩ ድጋፍ ይቆማል። ድጋፉ ግን ወለሉን አይነካም፤ ከነካማ የተፈተነው እንጨቱ ነው!

በአሜሪካ የኮንክሪት ኢንስቲትዩት ደንብ ሸክሙ ቢያንስ በ4 ጊዜ ተከፍሎ ይጫንና 24 ሰዓት ይቆያል። ከወረደ በኋላም ሌላ 24 ሰዓት ይጠበቃል። ወለሉ በመጠኑ ዝቅ ማለቱ አያስደነግጥም፤ የሚመረመረው መመለሱ ነው። ዝቅታው ከተወሰነው ልክ ካለፈ፣ ለምሳሌ 12 ሚሊሜትር ከሆነ፣ ቢያንስ 9ኙን መመለስ አለበት። ባይመለስ፣ እንደ እኛ እንደ ተማሪዎቹ፣ ከ72 ሰዓት በኋላ እንደገና ሊፈተን ይችላል። አርማታው ከተፈረካከሰ ግን ሁለተኛ ፈተና አይፈቀድለትም።