ሕፃን የሚውልበት ቤት
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ለአባላት የቀረበ ንግግር)



አንድ መሐንዲስ በአንድ መሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ የሕፃናት ማቆያ እንዲነድፍ ሲታዘዝ አስቀድሞ የሚጠይቀው የክፍሉን ስፋት፣ የአልጋውን ቁጥር፣ የውሃውንና የመብራቱን መስመር ነው። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ነገር ግን አይበቃም። ሕንፃው የሚሸከመው ጭነት ሳይታወቅ መሠረቱ እንደማይቆፈር ሁሉ፣ በዚያ ክፍል ከጠዋት እስከ ማታ የሚከናወነው ሥራ ሳይታወቅም ክፍሉ ሊነደፍ አይገባውም። የዚህ ንግግር ዓላማ ያን ሥራ መመርመር ነው።

ጉዳዩ የማኅበሩን አባላት በሙያቸውም በቤታቸውም ይነካል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 ለወላድ እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ሰጠ፤ መሥሪያ ቤቶችም የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደነገገ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ፈቃዱን በዚያው ልክ ወሰነ። ታዲያ 90ው ቀን ሲያልቅ ሕፃኑ ገና የሦስት ወር ልጅ ነው። አንገቱን ማጽናት ጀምሯል፤ ራሱን ችሎ ግን አይገለበጥም። የእናቱን ድምፅ ከሌላው ለይቶ ያውቃል። አያት በቅርብ ባለችበት ቤት ሕፃኑ ከእናቱ ጀርባ ወደ አያቱ ጀርባ ይሸጋገራል። አያት በሌለችበት ግን ከማያውቀው ሰው እጅ ይገባል። ይህ ሰው ማን ነው? ነገስ ያው ሰው ይሆናልን? ዋናው ጥያቄ ይህ ነው።

የቃሉን ነገር መመልከትም ይጠቅማል። «ማቆያ» ሲባል በቅድሚያ የሚታሰበው ባለቤቱ ተመልሶ እስኪወስደው ድረስ አንድ ነገር በአደራ የሚቀመጥበት ስፍራ ነው። ዕቃ እንደ ተሰጠ ከተመለሰ አደራው ተፈጸመ ይባላል። ሕፃን ግን እንደ ተሰጠ አይመለስም፤ በዋለበት ሰዓት ሁሉ ያድጋል፣ ይማራል፣ ይለምዳል ወይም ይፈራል። ለትልልቆቹ ልጆች የተሰጠው «መዋለ ሕፃናት» የሚለው ስም ከ«መዋል» ጋር የተዛመደ በመሆኑ ለእውነቱ ይበልጥ ይቀርባል።

ሕፃን በመብላት፣ በመታጠብና በመተኛት ብቻ እንደማያድግ በማስረጃ ካሳዩት ሐኪሞች አንዱ ሬኔ ስፒትስ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1945 ባሳተሙት ጥናት ሁለት ተቋማትን አነጻጸሩ። አንደኛው ወላጆቻቸው ሊያሳድጓቸው ያልቻሉ ሕፃናት የሚኖሩበት ማሳደጊያ ነበር፤ ምግቡ የተሟላ፣ ንጽሕናውም የተጠበቀ ሲሆን ለአንዲት ሞግዚት ከሰባት ያላነሱ ሕፃናት ይደርሷት ነበር። ሁለተኛው በሴቶች ወህኒ ቤት ውስጥ የነበረ፣ እስረኛ እናቶች ልጆቻቸውን ራሳቸው የሚንከባከቡበት ክፍል ነበር። በ1946 የወጣው ተከታይ ሪፖርት እንደሚገልጸው፣ በመጀመሪያው ተቋም ከነበሩት 91 ሕፃናት መካከል በሁለት ዓመት ውስጥ 34ቱ ሞቱ፤ በወህኒ ቤቱ ክፍል ግን የሞተ ሕፃን አልነበረም። የጥናቱ አካሄድ በኋላ ከባለሙያዎች ትችት ደርሶበታል። የቀን ማቆያም ማሳደጊያ አይደለም፤ ሕፃኑ ማታ ከእናቱ ጋር ያድራል። ሆኖም የሚያውቀውና የሚያውቀው ሰው ያጣ ሕፃን ጡጦው ሙሉ፣ አልጋው ንጹሕ ቢሆንም የጎደለበት ነገር እንዳለ ከዚያ ወዲህ ሊካድ አልተቻለም።

ጉድለቱ በምን ዓይነት አሠራር እንደሚሞላ ያሳዩት ደግሞ የሃንጋሪዋ የሕፃናት ሐኪም ኤሚ ፒክለር ናቸው። እኚህ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1902 በቪየና ተወልደው ሕክምናን የተማሩትም እዚያው ነበር። በዚያም የቀዶ ጥገና ሐኪሙ ሃንስ ዛልትሰር ያስተዋሉትን አንድ ነገር ልብ አሉ፦ በጎዳና የሚሯሯጡትና ዛፍ የሚወጡት የሠራተኛ ልጆች፣ ተጠብቀው ከሚያድጉት የባለጸጋ ልጆች ይልቅ አጥንታቸው የሚሰበረው ጥቂት ጊዜ ነበር። ፒክለር ከዚህ የተረዱት፣ ራሱ ሞክሮ የተማረ አካል አወዳደቁንም እንደሚያውቅ ነው።

በ1946 በቡዳፔስት ከተማ በሎትሲ መንገድ የሕፃናት ማሳደጊያ አቋቁመው እስከ 1979 ድረስ መሩት። በሥራው መጀመሪያ ሕፃናቱን እየተጣደፉ የሚያገላብጡትን የሠለጠኑ አስታማሚዎች አሰናብተው፣ ሥልጠና ባይኖራቸውም ለሕፃናት ልባዊ ፍላጎት ያላቸውን ወጣት ሴቶች ቀጠሩ፤ አሠራሩንም ራሳቸው አስተማሯቸው። አሠራሩ በሁለት ምሰሶዎች ላይ የቆመ ነበር።

የመጀመሪያው ምሰሶ እንክብካቤ ነው። እያንዳንዱ ሕፃን በተለይ ኃላፊነቱን የወሰደችለት ሞግዚት ነበረችው። እርሷም ሕፃኑን ከማንሳቷ በፊት ልታነሳው መሆኑን በቃል ትነግረዋለች፤ እጆቿን ዘርግታ አካሉ እስኪዘጋጅ ጥቂት ትጠብቃለች፤ ስታለብሰው «እጅህን ስጠኝ» ብላ ትጠይቃለች። መልስ የማይሰጥ የሚመስለው ሕፃን ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ እጁን ራሱ መዘርጋት ይጀምራል። ሽንት ጨርቅ መለወጥ የሚያስጠላ ሥራ መሆኑ ቀርቶ የሁለት ሰዎች ጨዋታ ይሆናል።

ሁለተኛው ምሰሶ ነጻ ጨዋታ ነው። ከሞግዚቱ ጋር በቂ ጊዜ አሳልፎ የጠገበ ሕፃን ጠንካራ ወለል ላይ በጀርባው ተንጋሎ ለራሱ ይተዋል። አጠገቡ የጥጥ መሐረብ፣ ቅርጫት፣ ቀላል የብረት ሳህን ይቀመጣል፤ በእጁ ግን አይሰጠውም። ትራስ ደግፎ ማስቀመጥና እጁን ይዞ ድክ ድክ ማሰኘት በየቤቱ የተለመደ የፍቅር ሥራ ነው፤ በሎትሲ ግን አልተፈቀደም። ሕፃኑ በራሱ ጊዜ ይገለበጣል፣ ይድሃል፣ ይቀመጣል፣ ይቆማል።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይጠይቃልና ሒሳቡ መሠራት አለበት። ለምሳሌ አንድ ሕፃን በቀን አራት ጊዜ ልብሱ ቢለወጥና እያንዳንዱ 8 ደቂቃ ቢፈጅ 32 ደቂቃ፣ ሦስት ጊዜ ቢመገብና እያንዳንዱ 15 ደቂቃ ቢፈጅ 45 ደቂቃ፣ በድምሩ 77 ደቂቃ ይሆናል። ሦስት ሕፃናት ለያዘች ሞግዚት ይህ 3 ሰዓት ከ51 ደቂቃ ነው፤ ስምንት ለያዘች ግን 10 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ይሆናል፤ ይህም ከሙሉ የሥራ ቀን ይበልጣል። ስለዚህ ስምንት ሕፃናት የተሰጧት ሞግዚት ብትጣደፍ ክፋት አይደለም፤ የሒሳብ ግዴታ ነው። እንግሊዝ ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች ለሆኑ ሦስት ሕፃናት አንድ ሞግዚት እንድትመደብ በደንብ የወሰነችውም ያለ ምክንያት አይደለም።

ሐሳቡ ለቀን መዋያም እንደሚሠራ የጣሊያን ልምድ ያሳያል። በ1971 በወጣ ሕግ የማዘጋጃ ቤት የሕፃናት መዋያዎች ሲስፋፉ፣ በሬጆ ኤሚሊያ ከተማ በዚያው ዓመት የመጀመሪያው ተከፈተ። በዚያ አገር ልማድ እናት ወይም አባት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሕፃኑ ጋር አብረው ይውላሉ፤ መለየቱም ቀስ በቀስ ይለመዳል። በሬጆ ሞግዚቶች ከተቀበሏቸው ሕፃናት ጋር ከዓመት ወደ ዓመት አብረው ይዘልቃሉ።

እንግዲህ መሐንዲሱ ምን ይሥራ? የአዲስ አበባ የጠዋት ብርድ በሲሚንቶ ወለል ላይ ለሚድህ ሕፃን ይከብዳልና ወለሉ ከእንጨት ይሁን። ሽንት ጨርቅ የሚለወጥበት ጠረጴዛና የውሃው ቧንቧ በዚያው ክፍል፣ ፊታቸውን ወደ ሕፃናቱ አድርገው ይተከሉ፤ መታጠቢያው በኮሪደር ማዶ ከተሠራ ሞግዚቷ በቀን ብዙ ጊዜ ክፍሉን ጥላ መውጣቷ ነው። ሠላሳ አልጋ ከሚይዝ አንድ አዳራሽ ይልቅ ትናንሽ ክፍሎች ይመረጡ። የሚድህ ልጅ ግቢውን እንዲያይ መስኮቱ ዝቅ ይበል፤ መስታወቱም የማይሰበር ይሁን። እናት ተቀምጣ የምታጠባበት ወንበር አይረሳ።

«ወጪው ከየት ይመጣል?» የሚል ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። ከተጠቀሱት አብዛኞቹ የአቀማመጥ ጉዳዮች ስለሆኑ በንድፍ ጊዜ ከታሰቡ የሚጨምሩት ወጪ ጥቂት ነው። ውዱ ነገር የሞግዚቷ ደመወዝ ነው፤ በጀት ሲያጥር በቅድሚያ የሚቆረጠውም እርሱ ነው። ደመወዟ የማይበቃት ሞግዚት በየስድስት ወሩ ትለቃለች፤ ሕፃኑም በየስድስት ወሩ የለመደውን ፊት አጥቶ እንደገና ይጀምራል። ያማረ ቀለም የተቀባ ግድግዳም ሆነ ከውጭ የመጣ አሻንጉሊት ይህን አይተካም።

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለው የአባቶች አነጋገር ድሃ ወላጅን ለማጽናናት የተነገረ መልካም ቃል ነው። ንድፍ ለሚያወጣና በጀት ለሚያጸድቅ ሰው ግን ማመካኛ ሊሆን አይገባም። ጠዋት እናቱን ተሰናብቶ የሚቀር የሦስት ወር ሕፃን ዕድሉ ትናንት ያቀፈችው ሞግዚት ዛሬም መገኘቷ ነው፤ ይህ ደግሞ አስቀድሞ ሊታቀድ የሚችል ነገር ነው።