ስማችሁን ጥለፉበት



በኮሶዬ ብርድ መርፌ መያዝ ምን እንደሆነ ለእናንተ ለጥልፍ ተመራቂዎች አልነግራችሁም። ጠዋት ጣት ይደነዝዛል፤ እሳት ዳር እንዳትቀመጡ ጢሱ ነጩን ሸማ ያጠቁረዋል። ፀሐይ ወጥታ ደጁ እስኪሞቅ ታግሣችሁ፣ በአንድ ዐይን ልጅ፣ በሌላው ስጥ እየጠበቃችሁ የጠለፋችሁት ነው ዛሬ እዚህ የተዘረጋው።

ቅድም አንዱን ቀሚስ አንስቼ ገለበጥሁት። ጥልፍ የሚያውቅ ሰው ከፊቱ ይልቅ ጀርባውን ነው የሚመረምረው። ቋጠሮ አልበዛበትም፤ ክሩ ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው አልተንዘላዘለም፤ ጫፉ በራሱ ስፌት ሥር ገብቶ ተሰውሯል። የደረቱ መስቀል ግራ ቀኙ እኩል ነው። ሸማው የትም አልተጨማደደም፤ ክሩን የሳበችው እጅ ልኳን ታውቃለች ማለት ነው። ማሽን ይህን መስቀል በደቂቃዎች ይጨርሰዋል፣ አልክድም። ከውጭ ታትሞ የሚመጣው ጨርቅማ ጭራሽ መርፌ ሳይነካው ጥልፍ መስሎ ገበያ ይወጣል። በርካሽነት ከእነሱ ጋር ልፎካከር የምትል ጠላፊ ትከስራለች፤ ብልጫዋ እጇ ነው። ስለዚህ እጅ አንድ የቆየ ቀሚስ ላስታውሳችሁ።

ከዚህ ከኮሶዬ በደባርቅ መንገድ ወደፊት ብትቀጥሉ የምትደርሱበት ስሜን የደጃዝማች ውቤ አገር ነበር። ውቤ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ድል ከሆኑ በኋላ ልጃቸው ጥሩወርቅ የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤት ሆኑ። በ1860 መቅደላ ሲወድቅ የእንግሊዝ ጦር ከወሰደው ንብረት መካከል የእቴጌይቱ እንደነበረ የሚነገርለት ቀሚስ ይገኛል፤ ጥጥ ሆኖ በሐር የተጠለፈ። እሳቸው በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ከጦሩ ጋር ሲጓዙ መንገድ ላይ ዐረፉ፤ ቀሚሱ ለንደን ገባ። ዛሬም ያለው በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018፣ የመቅደላ 150ኛ ዓመት ሲታሰብ፣ ለሕዝብ ታይቷል። ወደ አገሩ ይመለስ ባይ ነኝ፤ የዛሬው ጉዳዬ ግን ሌላ ነው። የለበሱት ይታወቃሉ፣ የወሰደውም ይታወቃል፤ የጠለፈው እጅ ግን ስሙ አልተጻፈም። የሴቶቻችንም ሙያ እንዲሁ ነው የኖረው። እናት ጥጡን ዳምጣ፣ ፈትላ ማጉን ታወጣለች፤ ሸማኔው ይሸምናል፤ ጠላፊዋ ትጠልፋለች። ቀሚሱ የሚጠራው በለባሿ፣ አለዚያም በነጋዴው ሱቅ ነው።

እህቶቼ፣ ሁለት አደራ አለኝ። ከእንግዲህ ከእጃችሁ በሚወጣ ቀሚስ ሁሉ፣ በጠርዙ የውስጥ በኩል፣ ስማችሁን፣ ኮሶዬን፣ ዓመተ ምሕረቱን በክር ጻፉበት። ደግሞም ጎንደር ወርዳችሁ ነጋዴው «ስንት ነው?» ሲላችሁ «የሰጡኝን» አትበሉ። የሸማውን፣ የክሩን፣ የተቀመጣችሁበትን ቀን ሁሉ ደምሩና ቁርጡን ንገሩት። ካልተስማማው ይዛችሁ ተመለሱ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜም ገበያ አለ።