ከመጽሔት ጋር የሚመጣው ዲስክ ዋጋው ስንት ነው?

(ለንደን በተደረገው የማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ለቅዳሜው የኮምፒውተር ትምህርታችን፣ ዲስክ ያለበት የኮምፒውተር መጽሔት የዓመት ደንበኛ እንሁን የሚል ሐሳብ ከአባላት ቀርቧል። የሒሳብ ሠራተኛ በመሆኔ ስለ ወጪው እንድናገር ተጠይቄአለሁ። ሐሳቡ ከቅን ልብ የመጣ ነው። ሆኖም ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት አብረን እንቁጠር።

እዚህ በየጋዜጣ መሸጫው የምናያቸው መጽሔቶች ሽፋን ላይ «ነጻ ሲዲ» የሚል በትልቁ ተጽፏል። አገር ቤት ገበያ ስንወጣ ሻጯ ሰፍራ ስታበቃ ትንሽ ትመርቅልናለች። ደስ ይለናል፤ ግን ምርቃቱ አስቀድሞ ዋጋው ውስጥ መታሰቡን ሁላችንም እናውቃለን። ሲዲውም እንዲሁ ነው። ማባዛቱ፣ ማሸጉና ማጓጓዙ ወጪ አለው። ያ ወጪ ወይ ከገዢው ወይ ከማስታወቂያ መመለስ አለበት።

ሲዲው ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም። በስልክ መስመር ኢንተርኔት በምንጠቀምበት ጊዜ፣ 650 ሜጋባይት የያዘ ሲዲ ያህል ለማውረድ በ56 ኪሎቢት ሞደም ከ25 ሰዓት በላይ ይፈጅ ነበር። ያን ጊዜ መጽሔቱን መግዛት ቁጠባ ነበር። ዛሬ ባለ 2 ሜጋቢት ብሮድባንድ ያለው ቤት ያንኑ ሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ይጨርሳል።

ቀጥሎ የሚታየው በሲዲው ውስጥ ያለው ነገር ነው። በሦስት ልክፈለው።

አንደኛው የሙከራ ፕሮግራም ነው። ብዙውን ጊዜ 30 ቀን ይሠራና ክፈሉ ይላል። ተማሪዎቻችን ገና ሲለምዱት ይዘጋባቸዋል፤ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

ሁለተኛው ሙሉ ፕሮግራም ሆኖ ዕትሙ ያረጀ ነው። ይሠራል፤ ሻጩ ግን አዲሱን ዕትም እንድንገዛ ተስፋ ያደርጋል። ፈቃዱም አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ሰው ብቻ ስለሆነ ለሌሎች አባዝተን ማደል አንችልም።

ሦስተኛው እንደ ኦፕን ኦፊስና እንደ ሊኑክስ ያለው ነው። ፈቃዱ ራሱ አባዝታችሁ ለሌላ ስጡ ይላል። ደብዳቤ መጻፊያውም የሒሳብ ሠንጠረዡም ኦፕን ኦፊስ ውስጥ አለ። ለክፍላችን አንድ ሲዲ ይበቃል።

አሁን ቁጥሩን እንየው። ለምሳሌ አንዱ መጽሔት 6 ፓውንድ ቢሆን፣ በዓመት 12 ጊዜ 72 ፓውንድ ይሆናል። ከአሥራ ሁለቱ ሲዲዎች የሚጠቅሙን ሦስቱ ብቻ ከሆኑ፣ እያንዳንዱ የሚጠቅም ሲዲ 24 ፓውንድ ወጣበት ማለት ነው። በአንጻሩ ኦፕን ኦፊስ ያለበትን አንድ መጽሔት በ6 ፓውንድ ገዝተን አሥር ኮምፒውተር ላይ ብንጭነው፣ ለአንዱ ኮምፒውተር 60 ሳንቲም ይደርሰዋል። ልዩነቱን ያመጣው ፈቃዱ ነው። ስለዚህ ከመግዛታችን በፊት ሽፋኑ ላይ ስንት ፕሮግራም እንዳለ ሳይሆን ስንቶቻችን እንድንጠቀምበት እንደተፈቀደ እናንብብ።

መጽሔቱ ለእንግሊዝኛ ንባብም ይረዳናል ያላችሁ እህቶች እውነት አላችሁ። ለዚያ ግን በየሰፈራችን ያለውን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አስቀድመን እንጠይቅ። ቤቷ ኢንተርኔት ለሌላት እህት ደግሞ ብሮድባንድ ያላት አባል አውርዳ ትቅዳላት፤ የባዶ ሲዲ ዋጋ ብቻ ነው። ኡቡንቱ የተባለውን ሊኑክስ የሚያዘጋጀው ካኖኒካልም ከ2005 እስከ 2011 ድረስ ሲዲውን ለጠየቀው ሁሉ በፖስታ ያለ ክፍያ ይልክ ነበር።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የዓመት ደንበኛ አንሁን። የሚያስፈልገን ፕሮግራም ያለበት ዕትም ሲወጣ ያንን ብቻ እንግዛ። በምሳሌው መሠረት 66 ፓውንድ ይተርፋል። ቅዳሜ ከሚቀሩት ተማሪዎች ብዙዎቹ ልጅ የሚይዝላቸው ያጡ እናቶች ናቸው፤ የተረፈው ለልጅ ጠባቂ ይዋል። ለጋሾቻችን ገንዘቡን የሰጡን እናቶች እንዲማሩ ነው፤ እናቲቱ ካልመጣች መደርደሪያ ላይ የተኮለኮለ ሲዲ ምንም አያስተምርም።

ውሳኔው የስብሰባው ነው።