የእንግሊዝኛ ቃልን በአጭር ንባብ ስለ መለማመድ

(በጅጋ ለማታ ንባብ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



እኛ ከዩኒቨርሲቲ ወጥተን ለአገልግሎት ወደ ጅጋ የተመደብን ተማሪዎች ነን። ዕድሜያችን ከብዙዎቻችሁ ልጆች ዕድሜ አይበልጥም። ስለዚህ የምንነግራችሁን እንደ ልጅ ስሙን፤ ስንሳሳትም እንደ ልጅ ገሥጹን።

የዛሬው ንግግራችን ስለ እንግሊዝኛ ቃላት ነው። «ገና አማርኛውን አንብበን ሳንጠግብ እንግሊዝኛ ደግሞ ከየት መጣ?» የምትሉ አትጠፉም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ከራሳችን ስሕተት እንጀምራለን።

ፊደል ለይታችሁ ማንበብ በጀመራችሁ ጊዜ፣ «ልጆቻችን የሚማሩትን እንግሊዝኛ እስቲ ለእኛም ትንሽ አቅምሱን» አላችሁን። እውነት ነው፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ ስለ ደነገገ፣ ቃሉ ከልጆቻችሁ ደብተር ጋር ቤታችሁ ገብቷል። እኛም ደስ ብሎን በሰሌዳው ላይ 20 ቃል ደረደርን። ዶግ ውሻ፣ ካት ድመት፣ ቴብል ጠረጴዛ እያልን አስጮኽናችሁ። ድምፃችሁ እስከ አስፋልቱ ተሰማ። በሳምንቱ ስንጠይቅ ግን ከ20ው ቃል ሦስቱን እንኳ የያዘ ሰው አልተገኘም።

ያን ጊዜ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት፣ «ልጆቼ፣ እኔ ውሻዬን በስሙ ስጠራው ይመጣል። ዶግ ብዬ ምን ላድርገው?» አሉን። ሁላችሁም ሳቃችሁ፤ እኛም ሳቅን። ማደሪያችን ገብተን ስናስበው ግን ሳቁ ቀረ። እኒያ እናት ልክ ናቸው። ሥራ የሌለው ቃል አይቆይም። እንግዳ ሆኖ መጥቶ እንግዳ ሆኖ ይሄዳል።

ብዙም ሳይቆይ የበሬው ነገር መጣ።

የካቲት 2015 ዓ.ም. ነበር። የበቆሎ ማሳ የመጀመሪያው እርሻ የሚታረስበት ጊዜ ነው። ከእናንተው መካከል የአንድ አባት የእርሻ በሬ ታመመ። እሳቸውም ከአንድ ተጓዥ ነጋዴ የከብት መድኃኒት ገዙና ማታ ጠርሙሱን ይዘው ወደ ትምህርቱ መጡ። «እዩ ልጆቼ! ዓመቱን እኔው ራሴ አነበብሁት። 2022 ይላል። አሁን 2015 ነው። ገና ሰባት ዓመት ይቆያል ማለት ነው» አሉን።

ማንበባቸው ትክክል ነው። ቅናሻቸውም ትክክል ነው። እኛም አጨበጨብንላቸው። ያን ሁሉ ዓመት የተማርን ሰዎች ቆመን አጨበጨብን!

አብራቸው የመጣች የ5ኛ ክፍል ተማሪ ልጃቸው ግን ጠርሙሱን ተቀብላ አየችና፣ «አባየ፣ ይኼ እኮ የፈረንጅ ቁጥር ነው» አለች። ቤቱ ጸጥ አለ። እኛም ጠርሙሱን በኩራዝ ብርሃን አስጠግተን አየን። በላዩ የተጻፈው ወር 3፣ ዓመት 2022 ነው። ይህ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 2014 ዓ.ም. ነው። መድኃኒቱ ሰባት ዓመት የሚቀረው ሳይሆን ጊዜው ካለፈ 11 ወር የሆነው ኖሯል።

በማግስቱ ጠርሙሱ ወደ እንስሳት ጤና ባለሙያ ተወሰደ። ባለሙያውም እንዲጣል አድርጎ በሬውን መርምሮ ሌላ መድኃኒት ሰጠው። በሬው ዳነ። የጠርሙሱ ገንዘብ ግን ቀረ፤ ነጋዴውም አልተገኘም። በሬ ማለት ለገበሬ ምን እንደ ሆነ እኛ ለእናንተ አንነግራችሁም። አንዱ ከጎደለ ሌላው ብቻውን አይጠመድም። ማሳው ጦም ያድራል፤ ወይም በሬ ላለው ሰው ለእኩል ይሰጣል።

እንግዲህ እኚያ አባት የተሳሳቱት ማንበብ አቅቷቸው አይደለም። ቁጥሩን አንብበዋል። ከቁጥሩ አጠገብ ያለውን ቃል ግን አላወቁትም። እኛም 20 ቃል ስናስጮኽ ያንን ቃል አላስተማርናቸውም። ከዚያ ወዲህ ዘዴያችንን ለወጥን። ቃሉን ለብቻው መስጠት ትተን፣ ሥራ ባለው አጭር ንባብ ውስጥ አስገብተን ማቅረብ ጀመርን። ሦስቱን ንባቦች ዛሬም አብረን እናንብብ።

አንደኛ ንባብ

«አንድ ገበሬ መድኃኒት ሊገዛ ሄደ። ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ኤክስፓየሪውን አየ። ኤክስፓየሪው አልፏል። ‹ኃይሉ ያለቀ መድኃኒት አልገዛም› ብሎ መለሰው።»

ኤክስፓየሪ ማለት ምን ማለት ነው? ማንም ሳይነግራችሁ ከንባቡ አወቃችሁት አይደል? መድኃኒቱ የሚያበቃበት ጊዜ ማለት ነው። በጠርሙሱ ላይ ብዙ ጊዜ በሦስት ፊደል አጥሮ ይጻፋል። ሰሌዳውን ተመልከቱ። የመጀመሪያዋ ኢ ናት፤ ሦስት ጣት ያለው መንሽ በጎኑ የተኛ ትመስላለች። ሁለተኛዋ ኤክስ ናት፤ የተጠላለፉ ሁለት እንጨቶች ናቸው። ሦስተኛዋ ፒ ናት፤ ራሷ ላይ ጉብ ያለባት በትር ናት። መንሽ፣ የተጠላለፉ እንጨቶች፣ ባለ ጉብ በትር። ከእነዚህ ቀጥሎ ያለው ቁጥር የማብቂያው ጊዜ ነው። በአጠገቡ ኤም፣ ኤፍ፣ ጂ የሚሉ ፊደላት ካሉ፣ ያ የተሠራበት ጊዜ ነው። ሁለቱን አታምታቱ።

አሁን ወደ እኛ ዘመን እንለውጠው። ወሩ ከ1 እስከ 8 ከሆነ ከዓመቱ 8 ቀንሱ። ወሩ ከ10 እስከ 12 ከሆነ 7 ቀንሱ። በ9ኛው ወር ውስጥ የእኛ መስከረም ስለሚጠባ፣ ከእንቁጣጣሽ በፊት ላለው ቀን 8፣ ከዚያ ወዲያ ላለው 7 ይቀነሳል። የወሩን ስም ለማግኘት ደግሞ ከጥር ጀምራችሁ ቁጠሩ። 1 ጥር፣ 2 የካቲት፣ 3 መጋቢት እያለ ይሄዳል። ልክ ቀን በቀን ባይገጥምም ይቀራረባል።

ሁለተኛ ንባብ

«አንዲት እናት ባዶ ጠርሙስ አገኙ። ዘይት ሊይዙበት አሰቡ። በጠርሙሱ ላይ የራስ ቅል ተሥሏል። ከሥዕሉ በታች ፖይዝን ይላል። እናትየው ደንግጠው፣ ‹ልጆቼን በገዛ እጄ ልገድል ነበር› አሉ።»

ፖይዝን ማለትስ? አዎ፣ መርዝ ማለት ነው። የአረምና የተባይ መድኃኒት የነበረበት ዕቃ ቢታጠብም ለምግብና ለውኃ አይሆንም። እንኳን በውኃ፣ በአመድ ቢፈተግ አይታመንም። ቃሉን ለሚረሳ ሰው የራስ ቅሉ ያስታውሰዋል። ቃሉና ሥዕሉ አንድ ላይ ሲያዙ ደግሞ የበለጠ ይጸናሉ።

ሦስተኛ ንባብ

«ሁለት ጎረቤታሞች ዩሪያ ገዙ። አንደኛው በከረጢቱ ላይ 46 የሚል አየና፣ ‹50 ኪሎ ብለው ሸጡልን፤ 4 ኪሎ ተሰረቅን!› ብሎ ጮኸ። ሁለተኛው ግን፣ ‹ኔት የሚለውን ቃል ፈልግ› አለው። ፈለጉት። ኔት 50 ኪሎ ይላል። ጠቡ በረደ።»

ኔት ማለት ከረጢቱ ሳይቆጠር የውስጡ ብቻ ክብደት ማለት ነው። ታዲያ 46 ምንድን ነው? ዩሪያ ውስጥ ሰብል የሚያለመልመው ነገር ናይትሮጅን ይባላል። ከ100 ኪሎ ዩሪያ 46ቱ ኪሎ ናይትሮጅን ነው። በ50 ኪሎ ከረጢት ውስጥ 23 ኪሎ አለ ማለት ነው። አያችሁ? እዚህም ቁጥሩ አልዋሸም። ቃሉን ስላላወቅን ብቻ ጎረቤት ከሻጭ ሊጣላ ነበር። ኔትን የሚያውቅ ሰው ግን በእውነት የተጓደለበት ዕለት ከረጢቱን ሚዛን ላይ አውጥቶ መከራከር ይችላል።

ይህን ንባብ ባነበብን በሳምንቱ ጠየቅናችሁ። ሦስቱንም ቃል ያልያዘ ሰው አልነበረም። ዶግን የረሱት እናት ፖይዝንን አልረሱም። እንዲያውም ከቤታቸው ሁለት ጠርሙስ አውጥተው መጣላቸውን ነገሩን።

ይህ አያስደንቅም። ከዚህ በፊትም የባዕድ ቃል የተማራችሁት እንዲሁ ነው። መኪና፣ ጎማ፣ ፖስታ የሚሉት ቃላት ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ሱቅ ከዐረብኛ ነው። ማንም በሰሌዳ ደርድሮ አላስተማራችሁም። ነገሩ መጣ፣ ስሙም አብሮት መጣ። ከዚህ ከጅጋ ተነሥተን በአስፋልቱ ወደ ቡሬ ስንሄድ የምናገኛት ፍኖተ ሰላምም ስሟ ግዕዝ ነው። ፍኖት መንገድ ማለት ነው። የሰላም መንገድ እንደ ማለት ነው። ስሙን ዕለት ዕለት እየጠራችሁ ፍችውን ያልጠየቃችሁ ብትኖሩ፣ ዛሬ አንድ የግዕዝ ቃል ይዛችሁ ትገባላችሁ። ለምን? መንገዱን ስለምታውቁት ነው።

ዘዴው የእኛ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። በሩቅ ሀገርም የታወቀ ነው። ከሱቅ የምትገዙትን የእጅ ባትሪ አገላብጣችሁ እዩት። ብዙ ጊዜ ከቻይና የመጣ ነው፤ የተጻፈበት ግን በእንግሊዝኛ ነው። ለቻይና ሰው እንግሊዝኛ ለእኛ እንደሚከብደን ሁሉ ይከብደዋል። ፊደሉ ሌላ፣ ድምፁ ሌላ፣ ቃሉ ሌላ ነው። የቻይና ጽሑፍ እንደ እኛ በ33 ፊደልና በሰባት ቤት የሚያልቅ አይደለም። ምልክቱ በሺህ ይቆጠራል። በ1948 ዓ.ም. የቻይና መንግሥት መሃይምነትን ለማጥፋት ባወጣው ውሳኔ፣ አንድ ገበሬ ማንበብ ቻለ የሚባለው 1,500 ምልክት ሲያውቅ ነው ተብሎ ነበር። ለፋብሪካ ሠራተኛ ደግሞ 2,000 ነበር። እናንተ ፊደል ስትቆጥሩ ያማረራችሁ ዕለት ይህን አስቡ!

የዚያች ሀገር ተማሪዎች እንግሊዝኛ ሲማሩ ብዙዎቹ በአጭር ንባብ ይለማመዳሉ። ኤል ጂ አሌክሳንደር የተባለ እንግሊዛዊ የመጻሕፍት አዘጋጅ፣ ፈረንጆች 1967 በሚሉት ዓመት፣ ኒው ኮንሰፕት ኢንግሊሽ የተባለ ባለ አራት ቅጽ መጽሐፍ አወጣ። መጽሐፉ በቻይና እጅግ ተስፋፋ። በውስጡ ቃላት ደርቀው አይሰለፉም። አጫጭር ታሪክ አለ፤ አዲሱ ቃል በታሪኩ ውስጥ ይመጣል፤ ተማሪው አንብቦ ጥያቄ ይመልሳል። ቃሉን ከነነገሩ ይይዘዋል። በብዙ ሺህ ምልክት ያደገ ተማሪ በዚህ መንገድ ከተማረ፣ እኛም በ26ቱ የእንግሊዝኛ ፊደላት የምንሸሽበት ምክንያት የለም።

እንግዲህ በየቤታችሁ እንዴት ትለማመዳላችሁ? መንገዱ አጭር ነው።

በመጀመሪያ ንባቡን እስከ መጨረሻው አንብቡት። አዲስ ቃል ሲመጣ አትቁሙ፤ እለፉት። ሁለተኛ፣ ከፊቱና ከኋላው ካለው ነገር ፍችውን ገምቱ። ግምት ነውር አይደለም። ሦስተኛ፣ ንባቡን ከድናችሁ ለቤተ ሰቡ በራሳችሁ አነጋገር አውሩት፤ አዲሱን ቃል ግን አትተዉት። አራተኛ፣ ቃሉን በቤት ውስጥ ባለ ዕቃ ላይ ፈልጉት። አምስተኛ፣ በሦስተኛው ቀን ተመልሳችሁ አንብቡት። በሳምንት ሦስት ቃል ይበቃል። ሦስት ቃል በሳምንት ከተያዘ፣ በዓመት ከ150 በላይ ይሆናል።

ከልጆቻችሁም ጋር አብራችሁ አንብቡ። ልጅን መጠየቅ አያሳፍርም። በዚያች ማታ እኛ ስናጨበጭብ ያረመችን የ5ኛ ክፍል ልጅ ናት። እኛም ከእሷ ተምረን ነው ዛሬ እዚህ የቆምነው።

አንድ ነገር ግን አደራ እንላለን። ጥቂት ቃል ማወቅ ባለሙያ አያደርግም። ኤክስፓየሪን ማንበብ የቻለ ሰው ያለፈበትን መድኃኒት ያውቃል፤ ለየትኛው በሽታ የትኛው መድኃኒት እንደሚሰጥ ግን ባለሙያ ይጠየቃል። ቃሉ የሚጠቅማችሁ እንዳትታለሉና አውቃችሁ እንድትጠይቁ ነው።

አሁን ከመለያየታችን በፊት አንድ ጥያቄ እንተውላችሁ። በአንድ ጠርሙስ ላይ መንሽ፣ የተጠላለፉ እንጨቶች፣ ባለ ጉብ በትር ተጽፎ፣ ቀጥሎ ወር 11፣ ዓመት 2030 ይላል። በእኛ አቆጣጠር መቼ ያበቃል? መልሱን ዛሬ አትንገሩን። ቤት ግቡ፣ ከልጆቻችሁ ጋር አስሉት። በሚቀጥለው ጊዜ ስንገናኝ ደግሞ ከየቤታችሁ አንዳንድ ጠርሙስ ወይም ከረጢት ይዛችሁ ኑ። እኛ እናጨበጭባለን፤ ግን መጀመሪያ አብረን እናነባለን።

በደኅና ግቡ።